ለኮራሎቹ የሚበቃ ብርሃን

ሰውየው አሳንሰር ጠጋኝ ነው። ቀኑን ሙሉ በሕንፃዎች ጉሮሮ ውስጥ፣ በገመድና በቅባት መካከል ሲወጣና ሲወርድ ይውልና፣ አመሻሽ ላይ ቤቱ ሲገባ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ የሚሄደው ወደ አኳሪየሙ ነው። ሚስቱ በዚህ ቀንታ አታውቅም። «የሰው ባል መጠጥ ቤት ይሄዳል፣ የኔው ውሃ አጠገብ ያመሻል፤ ውሃውም ጨው ስለሆነ አይጠጣም» እያለች ለጎረቤት ትቀልድበታለች።

አኳሪየሙ የሳሎኑን አንድ ግድግዳ የያዘ፣ ሦስት ክንድ የሚረዝም የመስታወት ገንዳ ነው። ጥቂት ዓሦች አሉበት፤ እሱ ልቡን የሰጠው ግን ለኮራሎቹ ነው። ኮራል ላላየ ሰው ነገሩን ማስረዳት ይቸግራል። ሲያዩት ድንጋይ ላይ የበቀለ አበባ ይመስላል፣ ግን እንስሳ ነው። እንስሳ ሆኖ ደግሞ እንደ ተክል በብርሃን ይኖራል። ሥጋው ውስጥ ለዓይን የማይታዩ ደቃቅ ዕፅዋት ተጠግተው ይኖራሉ፤ እነሱ ከብርሃን ምግብ ያበስላሉ፣ እሱም ከነሱ ማዕድ ይቋደሳል። ብርሃን ሲያንስ ሁሉም ይራባሉ፤ ሲበዛ ዕፅዋቱ ቤታቸውን ጥለው ይሰደዳሉ፣ ኮራሉም አጥንቱ እስኪታይ ይነጣል።

አሳንሰር ጠጋኙ ከሁሉ አስበልጦ የሚወዳቸው ሦስት ናቸው። ላይኛው ድንጋይ ላይ ጫፍ ጫፉ ሐምራዊ የሆነው «ቅርንጫፉ»፣ መሐል ላይ በውሃው ግፊት የሚወዛወዙ አረንጓዴ ጣቶች ያሉት «ጣቱ»፣ ታች ጥላው ውስጥ ደግሞ ቀዩ «እንጉዳዩ»። ከስድስት ዓመት በፊት ጥፍር ጥፍር የሚያክሉ ቁራጮች ሳሉ የሰጠው ካፒቴኑ ነው። ካፒቴኑ መርከብ ረግጦ አያውቅም፤ የሒሳብ አስተማሪ ነው። ስሙ የወጣለት ከጓደኞቹ ሁሉ ቀድሞ የባሕር ውሃ ቤቱ ውስጥ ስላኖረ ነው።

ነገሩ የጀመረው አሮጌው የፍሎረሰንት መብራት ብልጭ ድርግም ማለት በጀመረ ጊዜ ነው። እሱን አውርዶ ዕቃ ቤት ከተተውና አዲስ ኤል ኢ ዲ ገዛ። አዲሱ ከሁለት መጽሐፍ የማይበልጥ ጥቁር ጠፍጣፋ ነገር ሲሆን በስልክ ይታዘዛል፤ ሰማያዊውን ለብቻው፣ ነጩን ለብቻው፣ ከዜሮ እስከ መቶ ከፍ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። እሁድ ጠዋት ሰቀለውና ሁሉንም መቶ ላይ አደረገው። ለሚወዱት ነገር ግማሽ መስጠት ንፉግነት መስሎ ታየው። ሚስቱ ከጓዳ ብቅ ብላ ዓይኗን በእጇ ጋረደችና «ቤታችን ስታዲየም ሆነ እንዴ?» ብላ ተመለሰች።

ማክሰኞ የሚስቱ እናት መጡ። በዚያው ጠዋት የቀኝ ዓይናቸው ሞራ ተገፎ ነበር። የግራው ደግሞ ከስድስት ሳምንት በኋላ ስለሚሠራ፣ እስከዚያ ልጃቸው ቤት እንዲከርሙ ተስማምተዋል። አጭር፣ ሲቀመጡ ቀጥ የሚሉ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሴት ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማቅለሚያ ክፍል ሠርተዋል። ሥራቸው ከቀለም ጋኑ የወጣውን ጨርቅ ከናሙናው ጋር አስተያይቶ «አንድ ነው» ወይም «አንድ አይደለም» ማለት ነበር። በዚያ ክፍል ከሳቸው በኋላ የሚናገር ሰው አልነበረም ይባላል።

በማግሥቱ የዓይናቸው ሽፋን ተነሥቶ ጥቁር መነጽር ታዘዘላቸው። መስኮት አጠገብ መቀመጥ፣ ማንበብ፣ ቴሌቪዥን ማየት ለጊዜው ተከለከሉ። ልጃቸው ከመስኮቱ ርቃ፣ የሳሎኑ ጥግ ላይ ወንበር አዘጋጀችላቸው። ወንበሩ ከአኳሪየሙ ትይዩ ነበር። ሌላ የሚያዩት ነገር ስላልነበረ መነጽራቸውን እንዳደረጉ እሱን ሲያዩ ይውሉ ጀመር።

ዓርብ ማታ አሳንሰር ጠጋኙ እንደ ልማዱ መስታወቱ ላይ ሲደገፍ አማቱ ከጥጋቸው ድምፅ አሰሙ።

«ልጄ፣ ያ ላይኛው ረቡዕ ዕለት እንዲህ አልነበረም።»

እንዴት ነበር ብሎ ጠየቃቸው። ሐምራዊው ውስጥ ያለው ቀይ ቀንሷል አሉት። ዘወር ብሎ ቅርንጫፉን አየው፤ ምንም የተለየ ነገር አልታየውም። ሐኪሙ ሞራው ሲነሣ ቀለም ሁሉ፣ በተለይም ሰማያዊ፣ አዲስ ሆኖ እንደሚታያቸው አስቀድሞ ነግሯቸው ነበር። ከሚስቱ ጋር ተያዩ። ከዚያም ለሕመምተኛ በሚነገር ለስላሳ ድምፅ፣ «እማማ፣ ዓይንዎ ገና አዲስ ስለሆነ ነው» አላቸው።

«ይሆናል» አሉ።

አማቱን ከልቡ ያከብራቸው ነበር። ግን ማክበርና ማመን ለየቅል ናቸው፤ ሰው ሳያምን ሊያከብር ይችላል፣ እሱም በዚያች ማታ ያደረገው ይህንኑ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አሮጊቷ ልጃቸውን የስፌት ክር ሣጥኗን ለመኗት። ከዚያም አማቻቸውን፣ ካላስቸገርኩህ፣ ሰማያዊውን ለዐሥር ደቂቃ አጥፋልኝና ነጩን ብቻ ተውልኝ አሉት። እያንዳንዱን ቅዳሜ በአራት ሰዓት ልክ እንደዚሁ፣ በዚሁ መጠን እንዲያደርግላቸውም ጠየቁት። ምክንያቱን ሲጠይቅ፣ መብራት ካልተመሳሰለ ቀለም ይዋሻል አሉ። ሁለት ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ መንታ ሆነው ይታዩና ውጭ ፀሐይ ላይ ሲወጡ ዘመድ እንኳ አይመስሉም። እሱ ነገሩን የጊዜ ማሳለፊያ አድርጎ ወሰደው። የሰው እናት ቤት ውስጥ ተቀምጣ ከምትሰለች በክር ትጫወት ብሎ ስልኩን አውጥቶ እንዳሉት አደረገ።

አማቱ መነጽራቸውን አወለቁ። ገና ሞራ ያለበትን የግራ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑና ክሩን አንድ በአንድ መስታወቱ ላይ እያስጠጉ አስተያዩ። ለቅርንጫፉ የሚሆን አንድም ክር አላገኙም፤ ሐምራዊ፣ ቀይና ግራጫ ሦስት ክሮች ገምደው ቀለሙን ራሳቸው ሠሩት። የጣቱንና የእንጉዳዩንም እንዲሁ። ሦስቱንም ከጫማ ካርቶን በተቆረጠ ቁራጭ ላይ ጠመጠሙ፣ ከጎኑ ቀኑን ጻፉና መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

በሳምንቱ ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ጠሩት። ካርቶኑን መስታወቱ ላይ፣ ልክ ከቅርንጫፉ ጎን ያዙና ፈቀቅ አሉለት።

ክሩ እንደነበረ ነበር። አጠገቡ ያለው የቅርንጫፉ ጫፍ ግን ሃምሳ ጊዜ ታጥቦ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ሸሚዝ መስሏል። ጣቱ ግማሽ ድረስ ተሰብስቧል፤ እንጉዳዩ እንደ ተጨበጠ እጅ ተኮራምቷል። በየማታው አፍንጫውን መስታወት ላይ ለጥፎ ሲያያቸው ከርሟል፤ ያላየውም በየማታው ስላያቸው ነው። አብሮት የሚያድረውን ልጅ እድገት ማን ያያል? የወንበሩ ክንድ ላይ ተቀመጠ።

ለካፒቴኑ ደወለለት፤ ከሰዓት በኋላ ረጅም ዱላ ጫፍ ላይ የታሰረ የብርሃን መለኪያ ይዞ ከተፍ አለ። መለኪያው ውሃ ውስጥ ገብቶ ኮራሉ በተቀመጠበት ቦታ ስንት ብርሃን እንደሚደርስ በቁጥር ይናገራል። መጀመሪያ አሮጌውን መብራት ከዕቃ ቤት አስወጥቶ አሰቀለው፤ ቅርንጫፉ ዘንድ መቶ ዐሥራ አምስት አነበበ። ከዚያ አዲሱን፤ አምስት መቶ ሃያ። የሒሳብ አስተማሪው ማካፈሉን ጮክ ብሎ አላደረገውም፤ ሁሉም በልቡ አካፈለ። ስድስት ዓመት በመቶ ዐሥራ አምስት የኖረውን ፍጥረት በአንድ ጠዋት ከአራት እጥፍ በላይ ጭኖበታል።

«አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» አለ አሳንሰር ጠጋኙ ስለ ራሱ።

ካፒቴኑ አላሾፈበትም። ስልኩ ላይ የሚታየው መቶ የመብራቱ መቶ እንጂ የኮራሉ አይደለም ብሎ አስረዳው። አንዱ መብራት በመቶ የሚሰጠውን ሌላው በሃያ ይሰጣል፤ አሰቃቀሉ፣ የውሃው ጥልቀትና ጥራት ሁሉ ይለውጠዋል። መለኪያውን ውሃ ውስጥ እንዳደረገ መብራቱን ዝቅ አስደረገው። ሃያ ሁለት ላይ ሲደርስ የአሮጌውን ቁጥር አነበበ፤ እዚያ ላይ ተዉት። ካፒቴኑ ሲወጣ በር ላይ ቆሞ ማን እንዳስተዋለው ጠየቀ። አሳንሰር ጠጋኙ በአገጩ ወደ ጥጉ አመለከተ። ካፒቴኑ ጥቁር መነጽር ያደረጉትን አሮጊት አየና ባርኔጣውን አወለቀላቸው።

እንግዳው ከሄደ በኋላ አማቻቸው ዝቅ ያለ በርጩማ ስቦ እግራቸው ሥር ተቀመጠ።

«እማማ፣ ዓርብ ዕለት ሲነግሩኝ አላመንኩዎትም። ይቅር ይበሉኝ።»

«አንድ ዓይኗን ሸፍና የመጣች አሮጊት ብታዋራኝ እኔም አላምንም ነበር» አሉት። ቀጥለውም፣ «እኔ ራሴ ዓይኔን ካላመንኩት ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ለዚህ ነው ክር የጠየቅኩት» አሉ።

እንዴት ሥራ እንደተዉ የነገሩት ያን ጊዜ ነው። ልጃቸውም እስከዚያ ቀን የምታውቀው በጡረታ እንደወጡ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ሁለት ጥቅል የአልጋ ልብስ ጨርቅ ቀርቦላቸው «አንድ ነው» ብለው ፈረሙ። ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ነገር ከነከናቸውና ጨርቁን ግቢ አውጥተው ዘረጉት። አንደኛው ወደ ቢጫ ያደላ ነበር። ማንም አላወቀም፤ ጥቅሉም ገና አልተጫነም። ዝም ቢሉ ለዓመታት ዝም ሊሉ ይችሉ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት የገነቡት ስም ብቻውን ይሸፍናቸው ነበርና። እሳቸው ግን ፊርማቸውን ሰርዘው አለቃቸው ቢሮ ገቡ። «ዓይኔ እየዋሸኝ ነው፣ ሌላ ሰው ፈልጉ» ብለው የክፍላቸውን ቁልፍ አስረከቡ። ጊዜያቸው ሊሞላ ዓመት ከመንፈቅ ይቀረው ነበር።

ይህን የተናገሩት ስለ ትናንት ዝናብ በሚያወሩበት ድምፅ ነው። አሳንሰር ጠጋኙ በሙያው የብረት ገመድ ሲመረምር አንዲት የተበጠሰች ጅማት አይቶ «ነገ እመለስባታለሁ» ብሎ የወጣባቸው ቀኖች ትዝ አሉት። ሰኞ ዕለት ሥራ ቦታ ሄዶ ሦስት ሕንፃ ውስጥ ያደሩ እንዲህ ያሉ «ነገዎች»ን ጨረሰ፤ ለማንም አልተናገረም።

ኮራሎቹ ቀስ በቀስ ነፍስ ዘሩ። የቅርንጫፉ ጫፍ አንድ ጣት ያህል ሞቶ ነጭ ሆኖ ቀረ፤ የቀረው ግን መክሰሙን አቆመ። እሱ በበኩሉ እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው ሆነ፤ ብርሃን ፈራ። ማንንም ሳያማክር ሃያ ሁለቱን ወደ ዐሥራ አምስት አወረደ፣ የሚበራበትንም ሰዓት አሳጠረ። ቤቱ ምሽት ምሽት የመታሰቢያ ሻማ የበራበት መሰለ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጣቱ ከወትሮው ሁለት እጥፍ ተንጠራርቶ ሲያገኘው ደስ አለውና አማቱን ጠርቶ አሳያቸው። እንዴት እንደተዝናና ይመልከቱ አላቸው።

አማቱ ካርቶናቸውን አምጥተው አስተያዩ። ቅርንጫፉ ሐምራዊነቱን ትቶ ቡናማ እየሆነ ነበር።

«ይሄ መዝናናት አይደለም» አሉ። «የራበው እጁን ሲዘረጋ አይተህ አታውቅም?»

ካፒቴኑም በስልክ ሲጠየቅ ይህንኑ አረጋገጠ፤ ሲነጣ በዝቶበት፣ ሲጠቁርና ሲንጠራራ አንሶት ነው። ከዚያ ወዲያ ሥርዓት አበጁ። ወደ ሃያ ሁለት መልሰው፣ የአሮጌው መብራትም ብርሃን ትንሽ ያንሳቸው ነበርና፣ በየሳምንቱ ሁለት በመቶ ብቻ መጨመር፤ ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ካርቶኑን ማስተያየት፣ የዕለቱንም ቀለም በአዲስ ካርቶን ላይ መዝግቦ ማስቀመጥ፤ ቀለሙ ካልተስማማ መጨመሩን ማቆም። ሚስቱ ስለ እንቁላልና ስለ እግሩ ተረት ልትተርት አፏን ስትከፍት እናቷ፣ እሱን ነፍስ ሳላውቅ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ ብለው ዝም አሰኟት።

እዚህ ላይ የግራ ዓይናቸው ቀን ደረሰ። ከሕክምናው በኋላ ባለው ቅዳሜ ሁለቱም ዓይናቸው ውሃ ያቋጥር ስለነበር፣ አሳንሰር ጠጋኙ ካርቶኑን ሲያቀርብላቸው አልቀበልም አሉ። ግምት አይሰጡም። «ዛሬ አንተ ታያለህ» አሉት።

እንደማይችል ነገራቸው። ያስተማሩት ያን ዕለት ነው። አታፍጥጥ አሉት፤ ያፈጠጠ ዓይን ይለምዳል፣ የለመደ ዓይን ደግሞ ሁሉንም እሺ ይላል። አንዴ እይ፣ ፊትህን ወደ ግራጫው ግድግዳ አዙር፣ እስከ ዐሥር ቁጠር፣ ተመለስና እይ። መጀመሪያ የመጣልህን ቃል ተናገር፤ ሁለተኛው ቃል ልብህ የሚመኘው ነው። አየ፣ ዞረ፣ ቆጠረ፣ ተመለሰ። አምስት ስድስት ጊዜ አላቡት። በመጨረሻ ቅርንጫፉ ውስጥ ሰማያዊ ነገር እንዳለ፣ ክሩ ውስጥ ግን እንደሌለ ድንገት ታየው። እንደዚያ ዓይነት ነገር በዕድሜው አይቶ አያውቅም። ሲነግራቸው ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ፤ እየዳነ ሲሄድ ቀለሙ ከመጀመሪያው ይበልጥ ሊደምቅ እንደሚችል ጠብቀው ነበር። «እንግዲያው አዲስ ክር ያስፈልገናል» አሉ። እሱ ሠርቶ ማደር ከጀመረ ወዲህ እንደዚያ ቀን በራሱ ኮርቶ አያውቅም።

ሳምንቱ ሳምንት እየወለደ ብርሃኑ ወደ ላይ ወጣ። አርባ ስምንት ላይ ሲደርሱ አማቱ ቅዳሜ ጠዋት አየት አደረጉ፣ ግድግዳውን አዩ፣ ተመለሱ። አልፈነዋል አሉ። አሳንሰር ጠጋኙም አየ፣ ቆጠረ፣ አየ፤ የጫፉ ቀይ በጣም በትንሹ ሸሽቷል። ወደ አርባ አምስት መለሱት። በሁለተኛው ሳምንት ክሩና ጫፉ አንድ ሆኑ። እንጉዳዩን ደግሞ ብርሃን ስለማይወድ ከድንጋዩ ጥላ ይበልጥ ወደ ውስጥ አስገቡት፤ በሦስተኛው ቀን እንደ ሰሐን ተዘረጋ። ካፒቴኑ መለኪያውን ይዞ መጥቶ ሲለካ፣ ለየኮራሉ ይስማማል ተብሎ ከሚነገረው ቁጥር መካከል ላይ ሆኖ አገኘው። ሁለተኛም ለካ፤ ያው ነው። ያለ መሣሪያ በክር ብቻ መድረሳቸውን ለማመን ተቸገረና ካርቶኖቹን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ፣ ከሃያ ሳምንት በላይ የተመዘገበውን አንድ በአንድ አነበበ። ሞቶ የነበረው ነጭ ጫፍም ከሥሩ አዲስ ሐምራዊ ሥጋ እየወጣበት ነበር።

ካፒቴኑ ወሬውን በጓደኞቹ መካከል ነዛው። አማቱ ዓይናቸው ድኖ ወደ ገዛ ቤታቸው ቢመለሱም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የአንዱ ወይም የሌላው አኳሪየም ባለቤት ይጠራቸው ጀመር። መኪናውን የሚነዳው አማቻቸው ነው፤ የክር ቦርሳቸውንም የሚይዘው እሱ ነው። ሰዎች ማን እንደሆነ ሲጠይቁት «የሳቸው አማች ነኝ» ይላል፤ ድሮ ሙያውን ነበር የሚናገረው።

በቅርቡ አንድ ፋርማሲስት ቤት ሄዱ። ፋርማሲስቱ ቁጥር የሚወድ ሰው ነው፤ ገና ሳይቀመጡ የመብራቱን መጠን፣ የሰዓቱን ብዛት፣ የጨዉን ልክ አከታትሎ ዘረዘረላቸው። እሳቸው ሰማያዊውን እንዲያጠፋላቸው ለምነው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሻይ ቀረበ፣ ቀዘቀዘ። ሃያ ደቂቃ አለፈ። ፋርማሲስቱ ትዕግሥቱ አልቆ አንድ ነገር ሊጠይቅ ሲል አሳንሰር ጠጋኙ ክንዱን ያዝ አድርጎ ቆይ አለው። በመጨረሻ አሮጊቷ ቦርሳቸውን ሳይከፍቱ ተነሡ።

«ምንም አትንካ» አሉት ፋርማሲስቱን። «እንዲህ እንዳለ ተወው።»

ሰውየው የሚስተካከል ነገር አጥቶ ግራ ገባው፤ እስከ በር ድረስ እየሸኛቸው ሁለት ጊዜ እርግጠኛ መሆናቸውን ጠየቀ።

መኪና ውስጥ ገብተው ጥቂት እንደተጓዙ አማቱ፣ የዚህ ሰውዬ ጣት ኮራል ከኛው ይበልጣል አሉ። አሳንሰር ጠጋኙ ፊቱ ቅጭም አለ። ሁለት መስቀለኛ መንገድ አለፈ። በሦስተኛው ግን ቅሬታውን ዋጠና በምን እንደሚበልጥ ጠየቃቸው። አረንጓዴው ውስጥ ስላለችው ቢጫ፣ ጣቶቹ ሥር ስላለው ጥላ፣ ሰውየው ሳያውቀው መብራቱን ትንሽ ወደ ግራ አዘንብሎ ስለመስቀሉ እየዘረዘሩ ያስረዱት ጀመር። ወደ ቤታቸው በአቋራጩ ቢሄድ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። እሱ ግን ፍሬቻውን ወደ ቀኝ አበራና ከተማውን በሚዞረው ረጅሙ መንገድ ነዳ።